ዜሮ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ዜሮ

ከዚራ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ከማኅበሩ ቢሮ፣
ሦስት ሺህ ካርድ አለ በኤክሴል ተደርድሮ።
ቬንትሌተሩ ይዞራል አንድ ክንፉን አጥቶ፣
ለሁላችን ያድላል ሙቀቱን አምጥቶ።

ጣቴ ይሳሳታል፤ ያውቃል አለቃዬ፤
በሰባት ፈንታ አንድ፣ በስምንት ሦስት ጥዬ
ስንቱን ብር ሰደድኩት ከማያውቀው ቀዬ።
ስለዚህ ማክሮ ጻፍኩ አንድ ቅዳሜ ውዬ፣
እኔ ሳንቀላፋ እሱ ይንቃ ብዬ።

አካሄዱ ቀላል ነው፦ ከቀኝ ይነሳል፣
አንዱን እንዳለ ይተዋል፣ ቀጣዩን በሁለት ያበዛል፤
ብዜቱ ዘጠኝን ካለፈ ዘጠኝ ይቀንሳል።
እንዲህ እንዲህ እያለ ግራ ጫፍ ይደርሳል።
ድምሩ በዜሮ ካለቀ ሳጥኑን አረንጓዴ ይቀባል፣
ካልሆነ ይቀላል፤ ያስደነግጣል።

የመጨረሻዋ አሃዝ ብር አትቆጥርም፣
የማንንም ስም አታውቅም፤
ለጎረቤቶቿ ትመሰክራለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።

በመጀመሪያው ቀን ስልሳ ሦስት ሳጥን ቀላ፤
አረምኩት አንድ በአንድ፣ ምሳም ሳልበላ።
ማታ ዓምዱ በሙሉ እንደ አወዳይ ማሳ ለመለመ፤
አለቃዬ «ተባረኪ» አለኝ፤ ላቡን እየጠረገ ቆመ።

አንድ ሰኞ ወይዘሮ ፀዳለ ጥቁር ለብሰው መጡ፣
በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ በመስኮቱ ሰጡ።
«የወልደሰንበት ነው። ምድር ባቡር፣ ፍሬን ላይ ነበር።
ከጡረታው አስቆርጧል፤ አሥራ አንድ ወር።»
ሒሳቡን ከፈትኩት።
ደረቅ። የበጋ ደቻቱ።
ድልድይ አለ፣ ውሃ የለም።

ቁጥሩን ለማክሮው ሰጠሁት፦ አራት፣ ሰባት፣ አንድ፣
ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ።
አረንጓዴ።
አላመንኩትም። እስክሪብቶ አነሳሁ፦
ዘጠኝ፤ የስድስት እጥፍ አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ ሲነሳለት ሦስት፤
ሁለት፤ የዘጠኝ እጥፍ አሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ ሲነሳለት ዘጠኝ፤
ዜሮ፤ የአንድ እጥፍ ሁለት፤ ሰባት፤ የአራት እጥፍ ስምንት።
«አርባ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።
«አዎ ልጄ» አሉ፣ «ትናንት ወጣ።»
አንገቴን ደፋሁ።

ያቺን አርባ ይዤ ሳገላብጥ አደርኩ፤
ሊነጋ ሲል ሁለት አሃዝ ቦታ አቀያየርኩ፦
ዜሮ ዘጠኝ የነበረው ዘጠኝ ዜሮ ሆነ።
ድምሩ? ያው አርባ። ዘቤ አልባነነ።
ዜሮ ቢታጠፍ ዜሮ፣ ዘጠኝ ቢታጠፍ ያው ዘጠኝ፤
ማን ከማን እንደ ቀደመ አያይም፤ ይኼ ነው ያሳተኝ።
በተቆራጩ ዝርዝር ላይ አንዴ በኔው ጣት ተጻፈ፣
ከዚያ በየወሩ፣ በራሱ ጊዜ፣ እያየነው አለፈ።

ዘጠኝ ዜሮም ሰው ናት፦ ሮዳ አብዱላሂ፣ ገንደ ቆሬ፤
ከፊራ ሽንኩርት ትቸረችራለች።
ደወልኩላት። በባጃጅ መጣች፣ በእጇ የካላንደር ቅጠል ይዛ፤
ጀርባው በእስክሪብቶ ጭረት ተሞልቷል።
«የመጀመሪያው ወር ዝም አልኩ» አለች። «ልጄ ታሞ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ግን፣ ወላሂ፣ የሰው ነው ብዬ እቆጥር ነበር።
ሦስት መቶ ሃምሳ፣ አሥራ አንድ ጊዜ።
ለመናገርም መጥቻለሁ፤ ረስተሽኝ ነው እንጂ።
እዚሁ መስኮት ላይ፣ አንቺው ራስሽ፣
‹ልክ ነው ይላል ኮምፒውተሩ› ብለሽ መለስሽኝ።»

ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤
የመጀመሪያውን ወር ብር ቆጥራ፣ አጥፋ፣ አስቀመጠች።
ካላንደሩን ከወይዘሮ ፀዳለ ደረሰኝ ጋር አስተያየሁ።
አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

ዛሬ ሁሉም ከወጣ በኋላ ማክሮውን ከፈትኩ፤
ከድምሩ በላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፣
በነጠላ ጥቅስ የምትጀምር፣ ማሽኑ የማያነባት፣
ከኔ ቀጥሎ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ካላያት
ማንም የማያያት፦
«ዜሮና ዘጠኝ ጎን ለጎን ከቆሙ፣ ስም ጠይቅ።
አረንጓዴ ቢሆንም ጠይቅ።»

አስኬድኩት።
መስመሯን ዘለላት።
ዓምዱ አሁንም እንደ ለመለመ ነው።